«ማስነሻ» ስንት ሥራ ይችላል?
ስለ ናይትሮ ሞተር ማስነሻ ምርጫ የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ሲመረመር

በሬዲዮ ስለሚታዘዙ አነስተኛ መኪናዎች የሚናገር አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት እጃችን ከገባ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ረቂቁን ያዘጋጁት በአሜሪካ የሚኖሩ አንድ ወጣት ተርጓሚ ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው ለሚከታተሉ አማርኛ አንባቢዎች፣ በናይትሮ ነዳጅ ለሚሠራ ሞተር ከማስነሻ ዘዴዎች የትኛው እንደሚሻል ማስረዳት ነው። ገጹ ከሃያ አይዘልም፤ ጉዳዩም ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የሙያ ቃላት ስያሜ የሚፈተነው በትላልቅ የሳይንስ መዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። አንባቢው ቃሉን አንብቦ ወዲያው እጁን ወደ ዕቃው በሚሰድበት ቦታ የተሳሳተ ስያሜ ዋጋው ቶሎ ይታያል። በዚህ ረቂቅ ውስጥ «ማስነሻ» የሚለው አንድ ቃል አምስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል፤ ከአምስቱ የትኛው እንደ ተጠራ አንባቢው የሚለየው በሥዕሉ ነው፤ ሥዕል በሌለበት ገጽ ግን በዕድሉ ነው።

ስለ ስያሜው ከመናገራችን በፊት ነገሩን እንግለጥ። ሞተሩ ባለሁለት ምት ነው። ነዳጁ በአመዛኙ ሜታኖል ሲሆን ናይትሮሜቴንና ማለስለሻ ዘይት ይቀላቀሉበታል፤ ለመኪናዎች በሚሸጠው ነዳጅ የናይትሮሜቴኑ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶው ከ10 እስከ 30 ይደርሳል። ሞተሩ እንደ ቤንዚን መኪና የእሳት ብልጭታ የሚረጭ ካንዴላ የለውም። በምትኩ ጫፉ ላይ የተጠማዘዘ የፕላቲነም ቅይጥ ሽቦ ያለበት ካንዴላ ተገጥሞለታል። ሽቦው በመጀመሪያ ከውጭ በሚመጣ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይግላል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ኤሌክትሪኩ ይነቀልና፣ የቃጠሎው ሙቀት፣ እንዲሁም ፕላቲነሙ ከሜታኖል ትነት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሙቀት ሽቦውን እንደ ጋለ ያቆየዋል። ይህ ዐይነቱ ካንዴላ በአሜሪካዊው በሬይ አርደን አማካይነት በ1947 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የሞዴል ሞተሮች ኮይልና ባትሪ ተሸክሞ ከመጓዝ ተገላግለዋል።

እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሣ ሁለት ነገሮች ባንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው፤ ዘንጉ መዞር አለበት፣ ካንዴላውም መጋል አለበት። ዘንጉን ለማዞር በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና ዘዴዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው በሞተሩ ጀርባ የተጠቀለለውን ገመድ ስቦ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ዘንግ በሞተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ አስገብቶ ማዞር ነው። ሦስተኛው መኪናውን እንዳለ አንሥቶ በአንድ ሣጥን ላይ አስቀምጦ ወደ ታች ጫን ማድረግ ነው፤ ከሣጥኑ ብቅ ያለው የጎማ መንኮራኩር በመኪናው ወለል ቀዳዳ በኩል ከዘንጉ ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ነክቶ ያሽከረክረዋል። ካንዴላውን ለማጋል ደግሞ በላዩ የሚሰካ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት የሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ አለ።

ረቂቁ እነዚህን ሁሉ «ማስነሻ» ይላቸዋል። ተርጓሚውን በዚህ ብቻ መውቀስ አይገባም፤ አማርኛው ራሱ ወደዚያ ይገፋል። «ሞተሩ ተነሣ»፣ «መኪናውን አስነሣ» የሚለው አነጋገር የተለመደው ቁልፍ ሲዞር ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በሚሠራበት መኪና ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠሩት የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ መኪና ላይ ከመገጠሙ በፊት፣ ሹፌሩ ከፊት ቆሞ በእጁ ያዞር ስለ ነበር፣ ማዞርና ማቀጣጠል ሁለት ሥራ መሆናቸውን ክንዱ ያውቀው ነበር። ቁልፉ ግን ሁለቱን አዋሕዶ ሰወራቸው። የአማርኛው «አስነሣ» የውጤት ግሥ ነው፤ ሞተሩ በራሱ መሥራት መጀመሩን እንጂ በምን መንገድ ወደዚያ እንደ ደረሰ አይናገርም። በዚህ ዐይነት ትንሽ ሞተር ላይ ሁለቱ ሥራዎች እንደገና ተለያይተው በሁለት እጅ ስለሚሠሩ፣ የውጤቱ ግሥ ብቻውን አይበቃም።

ይህ የቃላት ስስት የሚያመጣውን ጉዳት የረቂቁ 9ኛ ገጽ ያሳያል። በዚያ ገጽ «የማስነሻው ባትሪ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የተባለው ባትሪ የሣጥኑ ነው፤ ለሣጥኑ 12 ቮልት ትክክል ነው። ሆኖም ከሁለት አንቀጽ በፊት «ማስነሻውን በካንዴላው ላይ ሰካ» ተብሏል። አንባቢው የሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች «ማስነሻ» አንድ ነገር አድርጎ ቢያገናኝ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ቋንቋው አገናኝቶለታል። በ1.5 ቮልት የሚግል ቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ሲደርሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልግም። በዚህ ላይ ደግሞ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ነጥቡ ወድቆ 1.2 የነበረው 12 ሆኖ ተጽፏል። የነጥብ መውደቅ የማተሚያ ስሕተት ነው፤ በእርማት ይድናል። ስያሜዎቹ ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ግን ስሕተቱ ራሱን ባጋለጠ ነበር።

ስለሆነም ለዚህ መሣሪያ «ማጋያ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። «ጋለ» ለብረት የተፈጠረ ያህል የታወቀ ግሥ ነው፤ አንጥረኛም እናትም ይናገሩታል። ከ«ሳለ» «መሳያ»፣ ከ«ነቀለ» «መንቀያ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ«አጋለ» «ማጋያ» ይወጣል፤ «ለ» ወደ «የ» መለወጡ የተለመደው የእርባታ ሥርዐት ነው። «ማቀጣጠያ» የሚለውንም መዝነነዋል። ነገር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላው ነው፤ መሣሪያው የሚያደርገው ካንዴላውን ማጋል ብቻ ነው። ካንዴላውም «የግለት ካንዴላ» ቢባል ከብልጭታው ካንዴላ ይለያል። ረቂቁ ግን «የሚያበራ ሶኬት» ይለዋል። እዚህ ላይ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ሁለት ቃላት ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ማውጣታቸው ግልጽ ነው። የሚያበራ ሶኬት የሚፈልግ ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቶ ይጠይቅ ይሆናል፤ ባለሱቁም አያሳፍረውም፣ የሚያበራ ሶኬት ያሳየዋል።

ወደ ሦስቱ የማዞሪያ ዘዴዎች ስንመጣ፣ የረቂቁ ችግር ቃል ማጣት አይደለም። ይልቁንም ያገኛቸው ቃላት በአማርኛ ተናጋሪው ሕይወት ውስጥ ሌላ ሥራ ይዘው መገኘታቸው ነው። የገመዱን ዘዴ «የጉተታ ማስነሻ» ብሎታል። ባትሪው የሞተበት መኪና በሌላ መኪና ታስሮ ሲጎተት ያላየ የከተማ ሰው የለም፤ «በጉተታ አስነሣው» ስንል የምንናገረው ስለዚያ ነው። የሣጥኑን ዘዴ ደግሞ «በግፊት ማስነሣት» ይለዋል። ይህም ሰፈሩ ተሰብስቦ ከኋላ የሚገፋውን መኪና እንጂ ሣጥን አያስታውስም። በእንግሊዝኛውም ቃሉ ስለ ትልቅ መኪና ሲነገር ያንኑ መግፋት ያመለክታል፤ በትንሹ መኪና ግን መኪናውን ወደ ታች ጫን አድርጎ ከመንኮራኩሩ ጋር ማገናኘት ማለት ነው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ፍቺ ወስደው ሁለተኛውን ትተዋል። ይህን ረቂቅ ይዞ ሁለት ዘዴዎችን የሚያወዳድር አንባቢ፣ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው መኪናውን በገመድ ልጎትት ወይስ ከኋላ ልግፋ ብሎ ነው። ሁለቱም ገንዘብ አያስወጡትምና፣ ለምን ዕቃ ግዛ እንደሚባል ሳይገባው ይቀራል።

በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ስም ከሁሉም ይብሳል፤ «ተሽከርካሪ ማስነሻ»። እንደ ሰዋስው ምንም እንከን የለበትም፤ እየተሽከረከረ የሚያስነሣ ማለት ነው። ሆኖም «ተሽከርካሪ» በዘመናችን አማርኛ ለመኪና፣ ለአውቶቡስና ለመሳሰለው ሁሉ የወል ስም ሆኗል። ስለዚህ «ተሽከርካሪ ማስነሻ» የሚለውን ያነበበ ሁሉ «የመኪና ማስነሻ» ብሎ ይረዳል፤ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ዘዴዎች ተሽከርካሪ ማስነሻ ናቸው።

ለገመዱ ከተርጓሚው ይልቅ የጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ ባለቤቶች ቀድመው ስም አውጥተውለታል፤ «ገመድ ስቦ ማስነሣት» ይላሉ። ግሡ «ሳበ» እንጂ «ጎተተ» አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የሚጎተት ነገር ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሳብ ግን ገመዱ ብቻ ሊመጣ ይችላል። «መሳቢያ» የሚለው የመሣሪያ ስም እንዳይወሰድ የጠረጴዛ መሳቢያ ቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ «የገመድ ማዞሪያ» እንላለን። «ማስነሻ» ሳይሆን «ማዞሪያ» ያልንበት ምክንያት ከላይ ከተናገርነው ይከተላል፤ ገመዱ ያዞራል፣ ካንዴላው ካልጋለ ግን ስንት ጊዜ ቢሳብ አያስነሣም።

ይህንንም በእጃችን ሞክረነዋል። ከአንድ ወዳጃችን ልጅ ባለገመድ መኪና ተውሰን፣ ሌላ መመሪያ ሳናይ ረቂቁን ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ሐሳባችን ቃላቱ ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚያስኬዱ ለማየት ነበር። «ማስነሻውን እስከ መጨረሻው ጎትት» የሚለውን ፈጸምን። በአራተኛው ጊዜ ገመዱ አልመጣም አለ። ረቂቁ ለዚህ «ሞተሩ በጎርፍ ከተጥለቀለቀ ማስነሻውን ደጋግመህ ጎትት» ይላል፤ ደጋገምን፤ በመጨረሻ ገመዱ ከነመያዣው እጃችን ላይ ቀረ። በኋላ እንደ ተረዳነው ስሕተቱ ሁለት ነው። ገመዱ በአጭሩና በፍጥነት፣ ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም ሳያልፍ መሳብ ነበረበት፤ እስከ ጫፉ ሲሳብ ጠቅልሎ የሚመልሰው ስፕሪንግ ይጎዳል። ሁለተኛም፣ ከፒስተኑ በላይ ነዳጅ ሲሞላ ፈሳሹ ስለማይታመቅ ፒስተኑ ይቆለፋል፤ በዚያን ጊዜ መሳብ ገመዱን ይበጥሳል፤ ከጠነከረም በአንድ ወገን ብቻ የሚያዞረውን ኩሽኔታ ያበላሻል። መድኃኒቱ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሞተሩን በማዞር የሞላውን ነዳጅ ማስወጣት ነው። መነሻው ጽሑፍ በዚህ ቦታ «ደጋግመህ አዙር» እንጂ «ደጋግመህ ሳብ» አላለም፤ ካንዴላው መፈታቱም በቀደመው ዐረፍተ ነገር ተነግሯል። በረቂቁ ውስጥ «ማዞር» የሚባል ቃል ስለሌለ «አዙር»ም «ጎትት» ሆነ። ለልጁ አዲስ የገመድ ማዞሪያ ገዝተን መልሰናል።

ለሁለተኛው ዘዴ የምናቀርበው «የእጅ ሞተሪኖ» የሚለውን ነው። «ሞተሪኖ» የጣልያንኛ ውሰት ነው፤ ጋራዦቻችን የትልቁን መኪና ዘንግ አዙሮ የሚያስነሣውን የኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠሩበት ቃል ነው። ከ«ካንዴላ»፣ ከ«ፍሬን»፣ ከ«ፍሪሲዮን»ና ከ«ኩሽኔታ» ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። የስያሜ ጥናት እነዚህን ቃላት ለረዥም ጊዜ በጥርጣሬ ተመልክቷቸዋል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከግእዝ ሥር ቃል ሲያወጣ፣ መካኒኩ ግን በቅባት እጁ የያዘውን ቃል አልለቀቀም። በእኛ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ትክክለኛው መካኒኩ ነው። «ሞተሪኖ» የሚያዞር እንጂ የሚያቀጣጥል አለመሆኑን እያንዳንዱ ሹፌር ያውቃል፤ ሞተሪኖው እያዞረ መኪናው የማይነሣበት ጠዋት ብዙ ነው። ይህን ልዩነት ሳያስተምሩት የያዘ ቃል ካገኘን ሌላ መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

ሦስተኛው ዘዴ አስቸግሮናል። ረቂቁ «የማስነሻ ሣጥን» ይላል። «የመሣሪያ ሣጥን» መሣሪያ የሚቀመጥበት ከሆነ፣ «የማስነሻ ሣጥን»ም ማስነሻ የሚቀመጥበት ነው ብሎ የሚያነብብ ሰው አላጠፋም፤ «የ» ዝምድናውን እንጂ የዝምድናውን ዐይነት አትናገርም። ከመካከላችን አንዱ «ማስነሻ መደብ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መኪናው ሄዶ የሚቀመጥበት ነውና፣ ከግድግዳው ሥር ከተሠራው የጭቃ መደብ ጋር ምስሉ ጥሩ ገጥሟል። ነገር ግን ይህ ቃል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከፖለቲካው፣ ከዚያ በፊትም ከሰዋስው የተሰጠው ሸክም አልወረደለትም። «ባለጎማ ሣጥን» ብንል የሚገፋ ጋሪ ይመስላል፤ «አሽከርካሪ ሣጥን» ብንል ሹፌር ይሆናል። በመጨረሻ «ማዞሪያ ሣጥን» በሚለው ረግተናል፤ «የ» ከፊቱ ባለመኖሩ ሣጥኑ ራሱ የሚያዞር መሆኑ ይበልጥ ይሰማል። ፍጹም ነው አንልም።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ታዲያ «ማስነሻ» ከነጭራሹ ይውጣ ወይ? ቢል መልሳችን አይደለም ነው። ትራክሳስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ የሚገጥመው ዘዴ አለ፤ በእጅ የሚያዘው አንዱ መሣሪያ ዘንጉንም ያዞራል፣ በተሰካለት ሽቦ በኩል ካንዴላውንም ያግላል። ይህ በሙሉ ትርጉሙ «ማስነሻ» ነው፤ እንደ ትልቁ መኪና ቁልፍ ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ ይሠራልና። እንዲሁም ማዞሪያውንና ማጋያውን አጠቃልለን ስንናገር «የማስነሻ ዘዴ» እንላለን። ረቂቁ ለዚህ ጥቅል ሐሳብ «የጅምር ሥርዐት» የሚል ርእስ ሰጥቶታል። «ጅምር» በአማርኛ ተጀምሮ ያላለቀ ነገር ነው፤ ጅምር ቤት፣ ጅምር ሥራ እንላለን። ሞተር የሚገዛ ሰው ከዚህ ርእስ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

አሁን ስለ ምርጫው ራሱ፤ ረቂቁ የተጻፈው ለዚያ ነውና። ተርጓሚው ለጀማሪ ገመዱን፣ ለተወዳዳሪ ሣጥኑን ይመክራሉ። ምክሩ በጥቅሉ ከልማዱ ጋር ይስማማል። ምክንያቱ ግን በትርጉሙ ውስጥ ጠፍቷል። የገመድ ማዞሪያ ከሞተሩ ጋር ተገጥሞ ስለሚመጣ ከማጋያ በቀር የሚሸከሙት ነገር የለም፤ ከ2 እስከ 3 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ለሚሆኑ ሞተሮች የሰው ክንድ ይበቃል። ችግሩ ሞተሩ አዲስ ሲሆን ነው፤ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ሲሊንደሩ በጣም ስለሚጠበው ገመዱ የሚሰቃየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የእጅ ሞተሪኖ ክንድን ያሳርፋል፤ ባትሪው እንዳይደክም መጠበቅ ይጠይቃል፤ በሞተሩ ጀርባ ያለው ኩሽኔታ ግን እንደ ገመዱ ሁሉ ለእርሱም አለበት። ነዳጅ ሞልቶ በተቆለፈ ሞተር ላይ ሞተሪኖን ማስገደድ ከክንድም የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ክንድ ሲከብደው ያቆማል፣ ሞተሪኖ አያቆምም። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ በየመኪናው ልክ መስተካከል አለበት፤ ወለሉ ቀዳዳ ለሌለው መኪናም አይሆንም። በምትኩ የሞተሩ ጀርባ ባዶ ክዳን ብቻ ይሆናል፤ ክብደትና ሰበቃ ይቀንሳል፣ የሚሰበር ነገርም ያንሳል። የ3.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሞተር የሚገጠምላቸው የእሽቅድምድም መኪናዎች ሣጥኑን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ረቂቁ ይህን ሁሉ «ተወዳዳሪዎች ግፊትን ይወዳሉ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል።

ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። «የናይትሮጅን ሞተር» የሚለው በየቦታው መታረም አለበት፤ ናይትሮጅን ሌላ፣ ናይትሮሜቴን ሌላ ነው። ባለሙያዎች «ሃያ አንድ» የሚሉት ሞተር 0.21 ኪዩቢክ ኢንች ማለት እንጂ የሞተሩ ተራ ቁጥር አይደለም። በሌላ በኩል ስለ ነዳጅ አያያዝ የተጻፉት ሦስት ገጾች ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ ሜታኖል መርዝ መሆኑ፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን የማይታይ መሆኑ አንዲት ትርፍ ቃል ሳትጨመርበት ተነግሯል። ተርጓሚው የሚያውቁትን ነገር ሲጽፉ ቃል አላጠራቸውም።

የ«ማስነሻ» ጥፋት ሥሩ በከፊል ከእኛ መሆኑን መደበቅ አንችልም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የስያሜ ጉባኤ ላይ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ ብቻ ይሰጥ ብለን አጥብቀን ከተከራከሩት መካከል ነበርን፤ ለዚህ ቃል የተሰጠውም «ማስነሻ» ነበር። ተርጓሚው ያንን ዝርዝር በታማኝነት ተከትለዋል። ያን ጊዜ ቃሉን ከቃሉ ጋር ስናስተካክል፣ ከቃሉ በስተጀርባ ስንት ዕቃ እንዳለ ተነሥተን አላየንም።

አስተያየታችንን ለተርጓሚው ልከን መልስ አግኝተናል። «ማጋያ»ንና «የገመድ ማዞሪያ»ን ተቀብለዋል። «የእጅ ሞተሪኖ»ን ግን አልተቀበሉም፤ አንባቢዎቻቸው አብዛኞቹ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ጋራዥ ገብተው «ሞተሪኖ» ሲባል እንዳልሰሙ ጽፈውልናል። ለዚህ መልስ የለንም። ስለዚህ በሚታተመው ጽሑፍ «በእጅ የሚያዝ ማዞሪያ» እንዲባል ተስማምተናል፤ ለአገር ቤት አንባቢ «የእጅ ሞተሪኖ» እንደ ቆመ ነው። ገመዱን ጠቅልሎ ለሚመልሰው ስፕሪንግና ለባለአንድ ወገኑ ኩሽኔታ የተሻለ ስም ገና አላገኘንም። ጄኔሬተር ወይም የውኃ ፓምፕ በሚጠገንበት አካባቢ ያሉ አንባቢዎቻችን፣ ጠጋኞቹ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ምን ብለው እንደሚጠሯቸው፣ የሰሙበትን ቦታ ጨምረው ቢጽፉልን እንቀበላለን።